ፓኬቱ ገባ፣ መልሱ የት ሄደ? ብዙ የኔትዎርክ ካርድ ባለው ሰርቨር ላይ መንገድ ፍለጋ



አንድ ሰርቨር ሁለት ወይም ሦስት የኔትዎርክ ካርድ ሲኖረው የሚመጣ የታወቀ ችግር አለ። ሰርቨሩ ይሠራል፣ ኬብሉ ተሰክቷል፣ የካርዱ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ከአንዱ ሕንፃ ስትሞክሩት ይከፍታል፣ ከሌላው ስትሞክሩት ጭጭ ይላል። ሰው ኬብል ይቀይራል፣ ሰርቨሩን ያጠፋና ያበራል፣ በመጨረሻም «ኔትዎርኩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኔትዎርኩ መሆኑማ እውነት ነው። ግን የቱ ጋ?

ይህ የሶፍትዌርና የኤሌክትሪካል ልጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ሃንድአውት፣ የተቀረጸ ሌክቸር ወይም የድሮ ፈተና ያለ ፓኬጅ ብር ይወርዳል። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ደግሞ የሚያወርደው ላብ ገብቶ ነው። የላቡ መስመር በፈተና ሳምንት ሲዘጋ ላፕቶፕና ዳታ ያለው ሌላ መንገድ ያገኛል፤ የሌለው ግን ይቀራል። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ የዲፓርትመንት ወይም የክበብ ሰርቨር እንዲጠብቅ ኃላፊነት ቢሰጠው ይህን አንድ በሽታ ለይቶ ቢያውቅ ብዙ ሰው ይጠቅማል፣ ኢንሻአላህ።

ከመሠረቱ እንጀምር። ሰርቨሩ ፓኬት በየትኛው ካርድ እንደሚያስወጣ የሚወስነው ራውቲንግ ቴብል በሚባለው የመንገድ ሰንጠረዥ ነው። ለዚህ ከሰሜን ሸዋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ወደ ገጠር የሚልክ ሠራተኛ አለ እንበል። ማስታወሻው ላይ ሦስት መስመር ጽፏል። ወደ ሰሜን ሸዋ የሚሄድ በደብረ ብርሃን መኪና ይጫን። ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ በሙከጡሪ መኪና ይጫን። ሌላው ሁሉ ወደ ዋናው መናኸሪያ ይሂድ።

ለመሐል ሜዳ የተላከ ዕቃ መጣ። መንዝ ሰሜን ሸዋ ነው፣ የመጀመሪያው መስመር ይመለከተዋል፤ በደብረ ብርሃን አልፎ ከጣርማበር ይታጠፍና በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ቀጥሎ ለዓለም ከተማ የተላከ መጣ። መርሐቤቴም በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለሆነ ሁለት መስመሮች ይመለከቱታል። ግን ሁለተኛው ጠበብ ያለና ለይቶ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ እሱ ያሸንፋል። ዕቃው በሙከጡሪና በለሚ አልፎ የጀማን ገደል ወርዶ ይወጣል። ካርታ ላይ መንዝና መርሐቤቴ ጎን ለጎን ናቸው፤ መኪና ግን በካርታ ላይ አይሄድም፣ ገደል አለ።

የሰርቨሩም ሕግ ይኸው ነው። ከአድራሻው ጋር የሚገጥሙ ብዙ መስመሮች ካሉ ጠባቡ ያሸንፋል። ከአድራሻ በኋላ በዝርዝሩ ላይ የምታዩት /16 ወይም /24 የሚለው ቁጥር የጥበቱ ልክ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክልሉ ይጠብባል። «ሌላው ሁሉ» የሚለው መስመር ዲፎልት ራውት ይባላል፤ ልኩ /0 ስለሆነ ምንም ሌላ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚታየው። ጥበታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ሜትሪክ የሚባለው ቁጥር ያነሰው ይመረጣል።

አሁን ዋናውን ነገር አስተውሉ። ሠራተኛው የሚያነበው የተቀባዩን አድራሻ ብቻ ነው። ደብዳቤው መልስ ይሁን አዲስ፣ ጥያቄው በየትኛው በር ገብቶ ይሁን፣ አይጠይቅም። ሊኑክስም ልማዱ እንዲሁ ነው። ጁሙዓ ቀን በአንዱ በር ጫማውን አውልቆ ገብቶ በሌላው በር የወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ሁለት ካርድ ያለው ሰርቨር ካልተነገረው በቀር መልሱን የሚያስወጣው እንደዚያ ነው።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ካርድ ኢቲኤች 0 አድራሻው 10.20.1.5/24 ነው፤ ጌትዌዩ 10.20.1.1 ሲሆን ዲፎልት ራውቱም በእሱ ነው፣ ወደ ግቢው ዋና መስመርና ወደ ኢንተርኔት ያወጣል። ሁለተኛው ካርድ ኢቲኤች 1 አድራሻው 192.168.50.5/24 ነው፤ በዚያ በኩል 192.168.50.1 የሚባል ራውተር አለ፣ ከራውተሩ ማዶ ደግሞ ሁለተኛው ላብ በ192.168.60.0/24 ተቀምጧል።

በ192.168.50 ክልል ያለ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ያለችግር ያገኘዋል፤ በአንድ መንደር ናቸው። ከሁለተኛው ላብ 192.168.60.23 የሆነው ኮምፒውተር ሲጠይቅ ግን ፓኬቱ በራውተሩ አልፎ በኢቲኤች 1 ይገባል፤ ሰርቨሩ መልስ ሊልክ ሰንጠረዡን ሲያይ 192.168.60 የሚል መስመር የለም። ስለዚህ በዲፎልት፣ ማለትም በኢቲኤች 0 ያስወጣዋል። እዚያ በኩል ያለው ፋየርዎል ደግሞ ጥያቄውን አላየም። ጥያቄ ያልቀደመው መልስ ሲመጣበት ይጥለዋል። ፋየርዎሉ ሥራውን ነው የሠራው፣ አትውቀሱት።

እንግዲህ ምርመራው። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ነው የምጽፈው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ።

መድረሳ የተማራችሁ ኡስታዝ «ከማን ሰማኸው?» እያሉ ሰነዱን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲጠይቁ ታስታውሳላችሁ። እዚህም «ይመስለኛል» አይሠራም፤ ከአጠገባችሁ ካለው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። መጀመሪያ «አይፒ አድር» ብላችሁ የትኛው ካርድ የትኛውን አድራሻ እንደያዘ እዩ። ቀጥሎ «አይፒ ራውት» ብላችሁ ሰንጠረዡን አንብቡ። እዚህ ላይ ዲፎልት የሚል መስመር ሁለት ጊዜ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለቱም ካርዶች አድራሻቸውን በዲኤችሲፒ መውሰዳቸው ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ጌትዌይ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ ሰርቨሩን ራሱን ጠይቁት። «አይፒ ራውት ጌት» ብላችሁ 192.168.60.23 ን ስጡት፤ «ፍሮም» ብላችሁ ደግሞ 192.168.50.5 ን ጨምሩ። ከዚህ አድራሻ ተነስተህ ወደዚያ ብትሄድ በየት ትወጣለህ ማለታችሁ ነው። ኢቲኤች 0 ብሎ ከመለሰ በሽታው ተገኘ። ብዙ ሰው ይህችን ትእዛዝ አያውቃትም፤ እኔ ግን ከሁሉ የምመርጣት እሷን ናት፣ ምክንያቱም ሰንጠረዡን በዓይን አንብቦ ከመገመት ታድናለች።

ማረጋገጫው ቲሲፒደምፕ ነው። ሁለት ተርሚናል ክፈቱ፤ አንዱ ኢቲኤች 0 ን፣ ሌላው ኢቲኤች 1 ን ያዳምጥ፤ ጓደኛችሁ ከላብ ፒንግ ያድርግ። ጥያቄው በኢቲኤች 1 ሲገባ፣ መልሱም በኢቲኤች 0 ሲወጣ ካያችሁ ከላይ ያልነው ነው። ጥያቄው ጨርሶ ካልገባ ችግሩ ከሰርቨሩ በፊት ነው፤ ወደ ራውተሩ ሂዱ። ጥያቄው ገብቶ በሁለቱም ካርድ ምንም መልስ ካልወጣስ?

ይህ ሦስተኛው ነው ሰውን የሚያሳብደው። የሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን እዩ። እሱ ካልሆነ ሊኑክስ ውስጥ አርፒ ፊልተር የሚባል ዘበኛ አለ። ፓኬት በአንድ ካርድ ሲገባ ዘበኛው «ለዚህ ላኪ መልስ ብልክ በዚሁ ካርድ ነበር የማስወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አይደለም ከሆነ ፓኬቱን ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል። በሙከጡሪ ኬላ የቆመ ሰው «የመንዝ መኪና በዚህ ምን አመጣው?» ብሎ እንደሚመልሰው ማለት ነው። ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ከዘበኛው በፊት ስለሆነ ጥያቄው ገብቶ ይታያችኋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ዋጋው 1 ከሆነ ዘበኛው ጥብቅ ነው፤ 2 ከሆነ ለላኪው በየትኛውም ካርድ መንገድ መኖሩ ይበቃዋል፤ 0 ከሆነ ዘበኛ የለም። አንድ ወጥመድ አለ፦ ለካርዱ የተጻፈውና ለሁሉም ተብሎ የተጻፈው ዋጋ ከተለያዩ የሚሠራው ትልቁ ነው። ካርዱን 0 አድርጋችሁ «ሁሉም» የሚለው 1 ከሆነ ምንም አልቀየራችሁም። ሎግ ማርሺያንስ የሚባለውን ብታበሩ ዘበኛው የጣለውን በሎግ ይጽፍላችኋል። ብዙ ሰው ወዲያው 0 ያደርገዋል። አልመክርም፤ ዘበኛው የሐሰት አድራሻ ይዞ የሚመጣን ለመከላከል የተቀመጠ ነው፣ መንገዱ ሲስተካከል እሱም ያሳልፋል።

ወደ መፍትሔው እንሂድ። ቀላሉ ወደ 192.168.60.0/24 የሚሄድ በ192.168.50.1 በኩል ይውጣ ብሎ አንድ መስመር መጨመር ነው። ሁለተኛው ላብ ይከፍታል፣ ሰው ይደሰታል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። የላቡ ተማሪ በ192.168.50.5 ፈንታ በ10.20.1.5 ቢጠራውስ? ጥያቄው በኢቲኤች 0 ይገባል፣ መልሱ አዲሱን መስመር ተከትሎ በኢቲኤች 1 ይወጣል። በሽታው ጎን ቀየረ እንጂ አልዳነም። ትላንት በአንዱ አድራሻ አልከፍት ያለው ዛሬ በሌላው አልከፍት ይላል።

ስለዚህ ሠራተኛውን የላኪውንም አድራሻ እንዲያነብ ማስተማር ያስፈልጋል። ይህ ፖሊሲ ራውቲንግ ይባላል። ሊኑክስ ከአንድ በላይ ሰንጠረዥ መያዝ ይችላል፤ የምናውቀው ዋናው ሜይን ይባላል፣ ቁጥሩ 254 ነው። እኛ አዲስ ሰንጠረዥ 100 እንከፍታለን። በውስጡ ሁለት መስመር ብቻ እንጽፋለን፦ 192.168.50.0/24 በቀጥታ በኢቲኤች 1፣ ሌላው ሁሉ በ192.168.50.1። ከዚያ «አይፒ ሩል» በሚለው ትእዛዝ፣ አድራሻው 192.168.50.5 ሆኖ የሚወጣ ሁሉ ሰንጠረዥ 100 ን ይይ ብለን እናዛለን። በተመሳሳይ ሰንጠረዥ 101 ለ10.20.1.5 እንከፍታለን፤ የእሱ ዲፎልት 10.20.1.1 ነው። ከዚህ በኋላ በየትኛው አድራሻ ቢጠራም መልሱ በገባበት በር ይወጣል። ሰርቨሩ ራሱ አዲስ ነገር ሲጀምር፣ ለምሳሌ አፕዴት ሲያወርድ፣ ገና የላኪ አድራሻ ስላልተመረጠ እንደ ድሮው ሜይንን ያያል።

ይህ ከግቢ ውጭም ይጠቅማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ዘመን አገልግሎት ሰጪው አንድ ብቻ ስለነበር ሁለት የኢንተርኔት መስመር የሚባል ጥያቄ እምብዛም አይነሳም ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በአዲስ አበባ በይፋ ከጀመረ ወዲህ አንድ ድርጅት ከኢትዮ ቴሌኮምም ከሳፋሪኮምም መስመር ሊይዝ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትዎርክ አላቸው። በአንዱ አድራሻ የመጣ ጥያቄ መልሱ በሌላው ድርጅት መስመር ቢወጣ፣ በ2000 እኤአ አርኤፍሲ 2827 ተብሎ የወጣው ምክር እንደሚለው፣ «ይህ አድራሻ የእኔ ደንበኛ አይደለም» ተብሎ ሊጣል ይችላል። እዚያ ጠያቂው ከየትም ዓለም ሊመጣ ስለሚችል መስመር በመስመር ጽፎ መጨረስ አይቻልም፤ ሁለት ሰንጠረዥ ግዴታ ነው።

ሁለት ነገር በአጭሩ። ዶከር የጫናችሁ ተጠንቀቁ፦ ዶከር ሲጫን በልማዱ 172.17.0.0/16 ን ለራሱ ይይዛል። የዶርሙ አድራሻ በዚያው ክልል ከሆነ፣ ጠባቡ ያሸንፋል ባልነው ሕግ መሠረት ለዶርሙ ተማሪ የሚላከው መልስ እዚያው ሰርቨር ውስጥ ይቀራል። የዶከርን ክልል በማዋቀሪያ ፋይሉ ቀይሩ። ሌላው፣ ሁለት ካርድ በአንድ ክልል ውስጥ አድራሻ ሰጥታችሁ ለየብቻ አትሰኩ። ሊኑክስ የአንዱን ካርድ አድራሻ ሲጠየቅ በሌላው ካርድ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ የሚመጣውን ግራ መጋባት ለመፍታት ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ፍጥነት ከፈለጋችሁ ቦንዲንግ አለ።

በ«አይፒ» ትእዛዝ የጻፋችሁት ሁሉ ሚሞሪ ላይ ነው ያለው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ ምንም አያስታውስም፤ «ትላንት ሠርቶ ነበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ሰንጠረዦቹንና ደንቦቹን በኔትፕላን ፋይል ጻፏቸው። ከሩቅ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ «ኔትፕላን አፕላይ» አትበሉ፣ «ኔትፕላን ትራይ» በሉ፤ ራሳችሁን በስህተት ብትቆልፉና በ120 ሰከንድ ውስጥ ማረጋገጫ ካልሰጣችሁ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ከዚያ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ሰርቨሩን አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጉና ከሁለቱም ሕንፃ፣ በሁለቱም አድራሻ ሞክሩት።