የቤት ጥበቃ ካሜራ፦ ከመግዛት በፊት ማስላት

ቀደም ባሉት ዓመታት የጥበቃ ካሜራ በአብዛኛው የሚታየው በባንኮችና በትልልቅ ድርጅቶች ነበር። በአሁኑ ወቅት ግን በግለሰብ ቤቶችም እየተለመደ መጥቷል። ይሁን እንጂ ካሜራ መግዛትና ቤትን ማስጠበቅ አንድ አይደሉም። ሳይታቀድ የተሰቀለ ካሜራ ሌባው መግባቱን እንጂ ማንነቱን አያሳይም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ በዋግ ኽምራ ሰቆጣ ከተማ ሊገኝ የሚችል አንድ መካከለኛ ግቢ በምሳሌነት ወስደን፣ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሥርዓት እንዴት እንደሚታቀድ እንመለከታለን። የሚያስፈልገን የሁለተኛ ደረጃ ሂሳብና ፊዚክስ ብቻ ነው።

መነሻው ጥያቄ ነው

የቤት ጥበቃ ካሜራ ታሪክ ሲነሳ በኒው ዮርክ ከተማ ትኖር የነበረችው ነርስ ማሪ ቫን ብሪተን ብራውን ትጠቀሳለች። ከባለቤቷ ከአልበርት ብራውን ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ያመለከተችበት የፈጠራ መብት በ1969 እ.ኤ.አ. ጸድቆላታል። የፈጠራዋ መነሻ «በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው?» የሚል ግልጽ ጥያቄ ነበር። እኛም ዕቅዳችንን የምንጀምረው ካሜራው እንዲመልስልን የምንፈልገውን ጥያቄ በመለየት ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በተለመደው መስፈርት መሠረት፣ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ በአንድ ሜትር ወርድ 25 ፒክስል፣ የምናውቀውን ሰው ለመለየት 125፣ የማናውቀውን ሰው ማንነት በእርግጠኝነት ለማረጋገጥ ደግሞ 250 ፒክስል ያስፈልጋል።

የሌንስ ስሌት

ካሜራው የሚያየው ወርድ በሚከተለው ቀመር ይገኛል፦

ወርድ = 2 × ርቀት × ታንጀንት (የእይታ ማዕዘን ÷ 2)

ከቤቱ ታዛ እስከ ውጭው በር ያለው ርቀት 8 ሜትር ነው እንበል። የካሜራው ምስል በአግድም 1920 ፒክስል አለው። የእይታ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ከሆነ በሩ አጠገብ የሚያየው ወርድ 16 ሜትር ስለሚሆን፣ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 120 ፒክስል ብቻ ነው። ማዕዘኑ 50 ዲግሪ ከሆነ ግን ወርዱ ወደ 7.5 ሜትር ይጠባል፤ ለአንድ ሜትርም 257 ያህል ፒክስል ይደርሳል። የፒክስሉ ብዛት ሳይጨምር፣ በሌንስ ምርጫ ብቻ የማይታወቀው ፊት የሚታወቅ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ካሜራ ይበቃናል። ጠባቡ ከታዛው ወደ ውጭው በር ይመለከታል፤ ሰፊው ከበሩ አጠገብ ሆኖ ግቢውንና የቤቱን በር ያያል። በዚህ አኳኋን አንዱ ሌላውን ስለሚያይ፣ አንደኛውን ለመንቀል የሚመጣ ሰው በሌላኛው ይቀረጻል።

ከፍታና ብርሃን

ካሜራው ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀል ተመራጭ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በደጋው ብርድ ጋቢ ተከናንቦ የሚሄድን ሰው ከአናቱ እንጂ ከፊቱ አያየውም። ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ካሜራ ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ደግሞ ማታ ፀሐይ ስለምትገጥመው፣ በእነዚህ ጊዜያት ሰውን እንደ ጥቁር ጥላ ብቻ ያሳያል።

ሌሊት ካሜራው የሚያየው ራሱ በሚለቀው ታህተ ቀይ ጨረር ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በዕቃው ላይ የሚያርፈው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ሌንሱ አጠገብ ያለ ግድግዳ ወይም የሸረሪት ድር ግን ጨረሩን መልሶ ምስሉን ያነጣዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የዋየርለስ ሞገድን ስለሚያዳክም፣ ከካሜራ ወደ ቤት ውስጥ ምስል ማስተላለፍ ካስፈለገ ገመድ ይሻላል።

የማከማቻ ስሌት

አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢመዘግብ፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ በቀን 0.25 × 86,400 = 21,600 ሜጋ ባይት ወይም 21.6 ጊጋ ባይት ይይዛል። 128 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሚሞሪ ካርድ ለ6 ቀን ያህል ይበቃዋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ብናደርገው ደግሞ ለብዙ ሳምንታት ያገለግላል።

የኃይል ስሌት

በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ሰቆጣና አካባቢዋ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት ቆይተዋል። ስለሆነም በዚህ አካባቢ ለካሜራ የሚሠራ ዕቅድ የመብራት መጥፋትን ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት።

እያንዳንዱ ካሜራ 5 ዋት ቢፈልግ፣ ሁለቱ በቀን 10 × 24 = 240 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ይህ ከ12 ቮልት ባትሪ 20 አምፔር ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ስለሚረዝም 40 አምፔር ሰዓት የሚይዝ እንመርጣለን። በ12 ቮልት የሚሠሩ ካሜራዎችን ከመረጥን ኢንቨርተር አያስፈልገንም፤ ይህም ወጪ ይቀንሳል። መብራት በየዕለቱ ለጥቂት ሰዓታት የሚመጣ ከሆነ ባትሪና ተስማሚ ቻርጀር ይበቃሉ።

መብራት ጨርሶ ከሌለ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይጨመራል። ለክረምት በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ፣ ለብክነትም 0.7 ብንወስድ፣ 240 ÷ (4 × 0.7) = 86 ዋት ገደማ ስለሚሆን ባለ 100 ዋት ሰሌዳ እንገዛለን። ሰቆጣ በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ፣ ሰሌዳው ወደ ደቡብ በጥቂቱ ቢያዘነብል መልካም ነው። በሰኔ ወር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ግን ዝንባሌው መብዛት የለበትም።

ሰዓትና ጎረቤት

ካሜራው ላይ 02:00 የሚል ሲታይ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ቀኑም እንዲሁ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስ አለበት። ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ይህ ልዩነት ያሳስታል። በተጨማሪም የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ስለሚጠብቅ፣ ካሜራው ወደ ጎረቤት ግቢ መዞር የለበትም።

አንባብያን ሜትርና ወረቀት ይዘው የራሳቸውን ግቢ እንዲለኩ፣ ለየበሩ የሚያስፈልገውን የእይታ ማዕዘንም እንዲያሰሉ እንጋብዛለን። ወደ ሱቅ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።