ቢጫዋ እናት ናት

ወጣት፦ ጋሼ፣ ትንሿ ዓሣ ድንገት ቢጫ ሆና ትልቁን መግቢያ መውጫ አሳጣችው። ሻጩ «ክፉ ወንድ ነው፤ መልሰውና ቀለም ያለው ልስጥህ» አለኝ።

አዛውንት፦ እንዳትመልሳት! እናት ናት። በገንዳህ ካለው ገል ሥር ብታይ እንቁላል ታገኛለህ። የዚህ የአፒስቶግራማ ካካቱዮይደስ ወንዱ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ የጀርባ ክንፉ የፊት ዘንጎች እንደ ወፍ ጉትያ ይቆማሉ፤ የጅራቱም ሁለት ጫፎች ይረዝማሉ። ሴቷ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ጅራቷ ክብ ነው። እንቁላል ስትጠብቅ ቢጫና ጥቁር ለብሳ ማንንም አታስጠጋም።

ወጣት፦ እኔ ድምቀት የወንድ ምልክት ይመስለኝ ነበር።

አዛውንት፦ ሻጮቹ ናቸው እንዲህ ያስተማሩህ! የናይጄሪያና የካሜሩኑን ክሪበንሲስ ተመልከት፤ ሆዷ በደማቁ የሚቀላው ሴቷ ናት፤ ወንዱ የሚታወቀው በርዝመቱና በሾሉ ክንፎቹ ነው። ከቬኔዝዌላና ከኮሎምቢያ የሚመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ስም የወጣለት ራሚሬዚም ሴቷ ሆዷ ሮዝ ነው፤ በጎኗ ጥቁር ነጥብ ላይ ሰማያዊ ፍንጣሪ ይታያል።

እዚህ ጅዳ፣ ሳፋ ሠፈር ግን ገዢው ከመስታወቱ ፊት ቆሞ ደማቁን ብቻ ይመርጣል፤ ሻጩም ግራጫዋን ሴት ማስመጣት ኪሳራ ነው ይላል። ሦስት አራት ወንድ በጠባብ ገንዳ ይታጎራል፤ ይነካከሳል፣ ይሞታል። ከዚያ «የጅዳ ውሃ አልተስማማቸውም» ይባላል። ጥፋቱ የሰው ሆኖ ሳለ ውሃው ይወቀሳል! አንዳንድ አርቢማ ቀለም እንዲደምቅ ሆርሞን ይመግባል፤ ሴቷም ወንድ መስላ ለገበያ ትቀርባለች። ይህ ዘር ማምከን ነው።

ወጣት፦ ታዲያ እርግጡን በምን ልወቅ?

አዛውንት፦ የዝዋይና የሐዋሳ ቆሮሶ የእነዚሁ ዘመድ ነው፤ እሱም ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ነው። አርቢዎች ገልብጠው ከሆዱ በታች ያያሉ፤ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት። እንደ አንተዋ ያሉትን ድንክ ሲክሊዶች ግን ከውሃ አታውጣ፤ እንቁላል ሊጣል ሲል ከሆዳቸው በታች የምትወጣዋን ቱቦ እይ። የሴቷ ወፍራምና ደልዳላ፣ የወንዱ ቀጭንና ሹል ናት።

ሙቀቱንም ተቆጣጠር። ሮመርና ባይዘንሄርትስ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ በአፒስቶግራማ ጫጩቶች ውሃው ሲሞቅ ወንድ ይበዛል፤ የጅዳ ሙቀት ደግሞ ምሕረት የለውም።

ለአንድ ወንድ ሁለት ሦስት ሴት አድርግ፤ ለእያንዳንዷ የየራሷን ገል ስጣት። ገንዳህ ጠባብ ከሆነ ወንዱን ለጊዜው ለየው፤ ቢጫዋን ተዋት፣ ልጆቿን ታሳድግ። ሱቅ ስትሄድም ግራጫዋን ጠይቅ፤ ጠያቂ ከበዛ ማስመጣታቸው አይቀርም።