በማንቆርቆሪያ ውስጥ ስለሚጋገር ነጭ ቅርፊትና ስለ ዝገት

ልደታ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርን ስለ ውኃ ንጽሕና ስናስተምር፣ አንዲት እናት የማንቆርቆሪያቸውን ክዳን ከፍተው አሳዩኝ። ውስጡ በኖራ የተለሰነ ይመስላል። «ልጄ፣ ውኃ ማፍላቱን ትቼዋለሁ፤ ይኸው የሚጋገርበትን እይ! ይህ ሁሉ ሆዳችን ይገባ የለም?» አሉኝ። በዚሁ ምክንያት ማፍላት የተዉ ሌሎች ሰዎችም ስላጋጠሙኝ ነገሩን በጽሑፍ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት።

ነጩ ቅርፊት በሽታ አያመጣም። ውኃ በመሬት ውስጥ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየም የተባለውን ማዕድን አሟሙቶ ይይዛል። ውኃው ሲፈላ ማዕድኑ ይለይና በዕቃው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ውኃ ታገኛለች፤ በጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስለሚበዛ ቅርፊቱ ቶሎ ይወፍራል። ካልሲየም በወተትም ውስጥ ያለ ነው። የቅርፊቱ ጉዳት በከሰልና በመብራት ወጪ ላይ ነው፤ ዕቃው ቶሎ አይሞቅም።

ያልፈላ ውኃ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሰው አልጋ ላይ አውሎ ነበር። የአተት ጀርም እንደ ቅርፊቱ በዓይን አይታይም፤ ጥርት ባለ ውኃ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ማፍላቱ አይቋረጥ። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ቀዩ ዝገት የሚመጣው ከአሮጌ የብረት ቧንቧ፣ ከዛገ በርሜል ወይም ኢናሜሉ ከተላጠ ማንቆርቆሪያ ነው። በፈረቃ ጠፍቶ የቆየ ውኃ ሲመለስ መጀመሪያ ቀላ ብሎ ይወርዳል፤ ይህ ለቤት መወልወያ ይቀመጥና ሲጠራ ለመጠጥ ይቀዳ። ሳይጠራ ከቀረ ቧንቧው ተሰብሮ አፈር ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ለውኃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ማመልከት ነው። ሻይ ሲፈላ ቀለም እንደ ተጨመረበት ከጠቆረ፣ ብረት ከሻይ ቅጠል ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ኢናሜሉ የተላጠ ማንቆርቆሪያ ቢጸዳም መልሶ ይዝጋልና ለእጅ መታጠቢያ ይሁን።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። በግማሽ ሊትር ውኃ የ2 ሎሚ ጭማቂ ጨምሮ ማፍላት፣ ከእሳት አውርዶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ በጨርቅ አሽቶ ማለቅለቅ። አረፋ ቢያወጣ ቅርፊቱ እየሟሟ ነው። ሎሚ ከተወደደ 1 ሲኒ አቼቶ ከ2 ሲኒ ውኃ ጋር ይሆናል። በመጨረሻ ንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ አፍልቶ መድፋት ያስፈልጋል። አልሙኒየም ከሆነ ሎሚው ወይም አቼቶው አይደርበት፤ ብረቱን ይበላዋል። በአሸዋና በሽቦ መፈግፈግም ዕቃውን ይጭረዋል፤ ኢናሜሉንም ይልጠዋል። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ከሆነ ከመታጠቡ በፊት ከሶኬቱ ይነቀል፤ ውኃ ውስጥም አይነከር።

አሁን ከሁሉ የሚያሰጋኝን ልናገር። በረኪና ልብስ ስለሚያነጣ ማንቆርቆሪያም ያነጣል ብለው የሚጨምሩ አሉ። በረኪና ዝገትንም ሆነ ቅርፊትን አያስለቅቅም። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል፤ በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል። በስሕተት የተቀላቀለ እንደ ሆነ ዕቃውን ለማንሣት ሳይሞክሩ ልጆችን ይዞ መውጣትና በሩን ከፍቶ መተው ይገባል። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያደረበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የእኒያ እናት ማንቆርቆሪያ ሦስት ጊዜ ሎሚ ፈልቶበት ነው የጠራው። ከአፉ ሥር ጥቂት ነጭ ቀርቷል፤ «እሱስ ይቅር፤ ውኃው እንደሆነ ፈልቷል» ብለዋል።