የፊልም ዘመን ሌንሶች በዲጂታል ካሜራ ላይ፦ የማገናኛ ቀለበት ውፍረት በምስል ጥራት ላይ ያለው ድርሻ

አኅጽሮተ ጥናት

በእጅ የሚስተካከሉ የፊልም ዘመን ሌንሶች በዲጂታል ካሜራ ላይ ተገጥመው ምስሉ ሲደበዝዝ ጥፋቱ በቀላሉ ለሌንሱ እርጅና ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ድብዘዛው ከማገናኛው ቀለበት ወይም ከሴንሰሩ ፊት ካለው ብርጭቆ ሊመነጭ እንደሚችል በስሌት ያሳያል፤ ምንጮቹን ለመለየት የሚረዳ ቅደም ተከተልም ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሌንስ፣ ማገናኛ ቀለበት፣ የመግጠሚያ ርቀት፣ ሴንሰር

1. መግቢያ

ለመስክ ጥናት፣ ለቅርስ ምዝገባ ወይም ለቤተ ሙከራ ሥራ ጥርት ያለ ምስል የሚያስፈልገው ተመራማሪ ሁልጊዜ ዘመናዊ ሌንስ የሚገዛበት በጀት አይኖረውም። በአንጻሩ ትኩረታቸውና የብርሃን ቀዳዳቸው በእጅ የሚስተካከሉ ብዙ የቀድሞ ሌንሶች በአነስተኛ ዋጋ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የተስፋፉት መስተዋት አልባ ካሜራዎች እነዚህን ሌንሶች ለመጠቀም ሰፊ በር ከፍተዋል። ይሁን እንጂ ምንጩ ያልታወቀ ድብዘዛ ሁለት ጉዳት ያስከትላል፦ ደኅና ሌንስ ይጣላል፤ ከመስክ የመጣ፣ ሊደገም የማይችል የምስል መረጃም ዋጋ ያጣል።

2. የመግጠሚያ ርቀት

እያንዳንዱ የካሜራ ዓይነት ከሌንስ መግጠሚያው ፊት እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ የተወሰነ ርቀት አለው። ይህ ርቀት በኤም42 ጥርስ መግጠሚያ 45.46፣ በኒኮን ኤፍ 46.5፣ በካኖን ኢኤፍ 44፣ በሶኒ ኢ 18 ሚሊ ሜትር ነው። የማገናኛው ቀለበት ተግባር ልዩነቱን መሙላት ነው። በመሆኑም የኤም42 ሌንስ በሶኒ ኢ ካሜራ ላይ እንዲሠራ የቀለበቱ ውፍረት 27.46 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ለካኖን ኢኤፍ ደግሞ 1.46 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

በኒኮን ኤፍ ላይ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ቀለበቱ ምንም ውፍረት ባይኖረው እንኳ ሌንሱ ከሚገባው በላይ በ1.04 ሚሊ ሜትር ይርቃል። የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር የሆነው የሶቪየት ሥሪት ሄሊዮስ 44-2 በዚህ ሁኔታ ከ3.3 ሜትር ገደማ ወዲያ ባለ ነገር ላይ ሊያተኩር አይችልም። ርቀቱን ለማስመለስ በቀለበቱ ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ይህም በምስሉ ጥራት ላይ የራሱን ተጽዕኖ ያሳድራል።

3. የ0.1 ሚሊ ሜትር ስሕተት

ቀለበቱ ከሚገባው በላይ በ0.1 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ቢሠራ፣ ሌንሱ እስከ መጨረሻው ቢዞርም ትኩረቱ ወሰን የለሽ ርቀት ላይ አይደርስም። በስሌት የሚገኘው የመጨረሻ የትኩረት ርቀት ለ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ 7.9 ሜትር፣ ለ58 ሚሊ ሜትር 33.7 ሜትር፣ ለ135 ሚሊ ሜትር ደግሞ 182 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድና ያው ቀለበት በረጅም ሌንስ እንከን የለሽ መስሎ ሲታይ፣ በሰፊ ማዕዘን ሌንስ ሕንፃና መልክዓ ምድርን ያደበዝዛል። ተጠቃሚው ሁለቱን ሌንሶች ሲያወዳድር ጥፋተኛው ሰፊው ሌንስ ነው ብሎ ቢደመድም አያስደንቅም፤ ድምዳሜው ግን የተሳሳተ ነው።

የድብዘዛው መጠን በብርሃን ቀዳዳው ይወሰናል። በዚሁ ስሕተት እጅግ ሩቅ ያለ ነጥብ በኤፍ/2 ላይ 0.05፣ በኤፍ/8 ላይ 0.0125 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሆኖ ይቀረጻል። ሙሉ ፍሬም ባለ 24 ሜጋፒክስል ሴንሰር የአንድ ፒክስል ስፋት 0.006 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ከ8 ፒክስል በላይ፣ ሁለተኛው 2 ፒክስል ያህል ይሸፍናል። ቀዳዳውን ማጥበብ ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም።

ቀለበቱ ቢቀጥን ጉዳቱ ይቀላል፤ ሌንሱ ወሰን የለሽ ርቀትን አልፎ ይዞራል፣ በላዩ የተጻፈው የርቀት መለኪያም አይታመንም። የቀለበቱ ሁለት ፊቶች ትይዩ ካልሆኑ ደግሞ የምስሉ አንድ ወገን ብቻ ይደበዝዛል።

4. የሴንሰሩ ድርሻ

በፊልም ፊት ብርጭቆ አልነበረም፤ በሴንሰር ፊት ግን የማጣሪያና የመከላከያ ብርጭቆ አለ። ብርሃን በዚህ ብርጭቆ ውስጥ አግድሞ ሲያልፍ የምስሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። መስተዋት ላላቸው ካሜራዎች የተሠሩ ሌንሶች ለመስተዋቱ ቦታ ለመተው የኋላ ብርጭቋቸው ስለሚርቅ ብዙም አይጎዱም። የኋላ ብርጭቋቸው ወደ ፊልሙ እጅግ የሚጠጋ፣ እንደ ጁፒተር-12 ያሉ ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች ግን በዲጂታል ካሜራ ላይ የጠርዝ ጥራት ያጣሉ። ይህ ጉድለት ቀለበት በመለወጥ አይወገድም።

5. የመለያ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሌንሱ በብርሃን ፊት ተይዞ ሻጋታና ጭጋግ እንደሌለበት ይታያል። ቀጥሎ ካሜራው በእግር ማቆሚያ ላይ ይደረጋል፣ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ በመቶዎች ሜትር የሚርቅ ነገርም በማያው ላይ ጎልቶ እንዲታይ ተደርጎ ይተኮርበታል። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ዞሮ ምስሉ ካልጠራ በዚያው ቀለበት ሌላ ሌንስ፣ በሌላ ቀለበት ደግሞ ያው ሌንስ ይሞከራል። ጉድለቱ ቀለበቱን ከተከተለ ጥፋቱ የቀለበቱ ነው፤ ሌንሱን ከተከተለ ሌንሱ ይመረመራል። ከላይ በተገለጸው ምክንያት ለዚህ ሙከራ የሚመረጠው ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ነው። መካከሉ ጥርት ብሎ አራቱም ማዕዘኖች በእኩል ከደበዘዙና ቀለበት መለወጡ ካልረዳ፣ የሴንሰሩ ብርጭቆ ወይም የሌንሱ የራሱ ንድፍ ይጠረጠራል።

ቀላል ማገናኛ ኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ስለሌለው ካሜራው የቀዳዳውን መጠን በምስሉ ፋይል ውስጥ አይመዘግብም። ለጥናት የሚውል ምስል ከሆነ የሌንሱ ዓይነትና የቀዳዳው መጠን በእጅ መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ካሜራው የንዝረት ማካካሻ ካለው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት አስቀድሞ በምናሌው መሞላት አለበት።

6. ማጠቃለያ

የቀድሞ ሌንስ በዲጂታል ካሜራ ላይ የሚሰጠው ምስል የሌንሱ፣ የቀለበቱና የሴንሰሩ የጋራ ውጤት ነው። ከሦስቱ በርካሽ የሚተካው ቀለበቱ ስለሆነ፣ ሌንስ ከመጣሉ ወይም ሌላ ከመገዛቱ በፊት መመርመር የሚገባው እርሱ ነው።