የውኃ ማሞቂያ ሲበላሽ እንዴት ይለወጣል?

በመቀሌ ከተማ በስተምሥራቅ ከፍ ያለ ቦታ አለ። እንዳ ኢየሱስ ይባላል። በትግርኛ «እንዳ» ማለት ቤት ማለት ነው። እንዳ ኢየሱስ ሲባል የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚያ ይገኛል። በ1888 ዓ.ም. ግን ቦታው የኢጣልያ ጦር ምሽግ ነበር። አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ይባል ነበር። ምሽጉ ጠንካራ ነበር፤ መድፍም ነበረው። የኢትዮጵያ ጦር በውጊያ ብቻ ሊያስለቅቀው አልቻለም። ኋላ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከምሽጉ ውጭ የነበረው የውኃ ምንጭ ተያዘ። ውኃ የተነፈገው ጦር ብዙ ሳይቆይ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ስለ ውኃ ማሞቂያ ለመናገር ይህን ታሪክ ማንሣት ዙሪያ ጥምጥም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አገር ስለ ውኃ የሚነገረው ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ውኃ አለ ወይስ የለም?

መቀሌ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ጧት በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ለጎልማሳም ይከብዳል፤ ለአራስ፥ ለሕፃንና ለሽማግሌማ ምን ይባላል! ቀድሞ ውኃ የሚሞቀው በእንጨት ወይም በከሰል ነበር። ዛሬም በብዙ ቤት እንዲያው ነው። መብራት የገባለት የከተማ ሰው ግን መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የውኃ ማሞቂያ ይሰቅላል። ሰው ሁሉ «ቦይለር» ይለዋል። እኛም በዚሁ ስሙ እንጥራው።

እንበልና አንድ የእንደርታ ገበሬ ለሕክምና መጥተው እንዳ ኢየሱስ ካለው ከልጃቸው ቤት አረፉ። በማግሥቱ ሊታጠቡ ገብተው ቧንቧውን ሲነኩ እጃቸውን ነዘራቸው።

«ልጄ፥ ይህ ቧንቧችሁ ይነዝራል እኮ!»

«አዎ አቦይ፥ አልፎ አልፎ እንዲያ ያደርገዋል። ትንሽ ነው። ጫማ አድርገው ቢገቡ ምንም አይልዎትም።»

«በሬ ሲዋጋ፥ ትንሽ ነው ተብሎ ይተዋል እንዴ?» አሉ አባትየው።

እውነታቸውን ነው። እርጥብ ሰውነት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል። ዛሬ እጅን ብቻ የነዘረው ነገ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቧንቧ ከነዘረ መጀመሪያ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቆጣሪው ሄዶ የቦይለሩን ብሬከር ማጥፋት። ባለሙያ ሳያየው ተመልሶ አይበራም። ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ከተገኘ ደግሞ በእጅ አይነካም፤ የነካውም አብሮ ይያዛልና። አስቀድሞ መብራቱ ይጥፋ። ያ ካልተቻለ ደረቅ ቦታ ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ነው።

ለመሆኑ ቦይለር ምንድን ነው? ከውጭ ቆርቆሮ የለበሰ፥ ከውስጥ ጠንካራ የብረት በርሜል ያለው ዕቃ ነው። በሁለቱ መካከል ሙቀት እንዳይወጣ የሚከለክል እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ተሞልቶበታል። ከታች ሁለት ቧንቧዎች አሉት። ሰማያዊ ምልክት ያለበት ቀዝቃዛውን ውኃ ያስገባል፤ ቀዩ የሞቀውን ያወጣል። በሆዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲገባበት የሚግል ዘንግ አለ፤ ሠራተኞች ሬዚስታንስ ይሉታል። ውኃው የሚበቃውን ያህል ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ቴርሞስታት የሚባል መቆጣጠሪያም አለው። ሌላም የማይታይ አገልጋይ አለ፤ የማግኒዚየም ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ በርሜሉ እንዳይዝግ በፈንታው እርሱ ይበላል። ተበልቶ ሲያልቅ ግን ዝገቱ ወደ በርሜሉ ይዞራል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ተፈትቶ መታየት አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ብዙ የለም።

አሁን ወደ መቀሌ ውኃ እንመለስ። ለከተማው ውኃ ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ አይናለም ነው። በዙሪያው ያለው አለት በብዛት የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ሲያልፍ ኖራውን እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። በዓይን ስናየው ጥሩ ጥሩ ውኃ ነው፤ ሳሙና ግን ቶሎ አረፋ አይሰጥበትም። ሲሞቅ ኖራው ከውኃው ተለይቶ በዕቃው ላይ ይጋገራል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ይህን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ማንቆርቆሪያው በአቼቶ ሊታጠብ ይችላል። በቦይለር ሆድ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አያየውም። ዘንጉ ኖራ ሲለብስ ሙቀቱ ወደ ውኃው መውጣት ያቅተዋል። መጀመሪያ ውኃው ለመሞቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ የመብራት ሂሳብ ይጨምራል፤ እንደ መንጣጣት ያለ ድምፅም ይሰማል። በመጨረሻ ዘንጉ በራሱ ሙቀት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ከውኃው ጋር ይገናኛል። የአባትየውን እጅ የነዘረው ይኸው ነው።

ዘንጉ ብቻ ከተበላሸ እርሱንና ጎማውን መለወጥ ይበቃል፤ ቦይለሩ ይድናል። በርሜሉ ራሱ ዝጎ ከቀደደ ግን አይጠገንም። በብየዳ እንደፍነዋለን የሚሉ አሉ። እኔ ለዚያ ገንዘብ ማውጣትን አልመክርም፤ የዛገ በርሜል አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን በሌላው በኩል ይፈስሳል። በልጅቷ ቤት ያለው ከሥሩ ቡናማ ውኃ ያንጠባጥብ ስለ ነበር መለወጥ ነበረበት።

ሠራተኛው ሲመጣ መጀመሪያ ብሬከሩን አጠፋ። በማጥፋቱ ብቻ አላመነም፤ በቴስተር ሽቦዎቹን ነካክቶ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን አረጋገጠ። ከዚያ የቀዝቃዛውን ውኃ መዝጊያ ዘጋ። ቀጥሎ የሞቀ ውኃ ቧንቧውን ከፈተ፤ አየር ካልገባ በርሜሉ ውኃውን አይለቅምና። ውኃው በባልዲ ተቀዳ። በመቀሌ ማንም ሰው 50 ሊትር ውኃ በከንቱ አያፈስስም፤ ልብስ ታጠበበት።

አዲሱን ከመስቀል በፊት ግድግዳው መታየት አለበት። 50 ሊትር ውኃ 50 ኪሎ ይመዝናል። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ከነራሱ ክብደት አንድ ኩንታል ይጠጋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ከሰው ራስ በላይ መስቀል ማለት ነው። ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ይችላል። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ተራ ብሎን አይይዝበትም፤ ግድግዳውን ወዲያና ወዲህ አልፎ የሚታሰር ረዥም ብሎን ያስፈልጋል። ከተሰቀለ በኋላ የቧንቧው መጋጠሚያ በቃጫ ወይም በቴፍሎን ተጠቅልሎ ይጠብቃል።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የሚገጠም የመተንፈሻ መዝጊያ ነው። ውኃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ ሦስት ሩብ ሊትር ይጨምራል። ያ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ውኃው በሚሞቅበት ጊዜ መዝጊያው ጠብ ጠብ ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። አባትየው ይህን ሲያዩ «ወለሉን ያበላሻል፥ ለምን በእንጨት አንወትፈውም?» አሉ።

«አቦይ፥ ይህን ከወተፍን በቤታችን ፈንጂ ሰቀልን ማለት ነው» አላቸው ሠራተኛው። ቴርሞስታቱ በተበላሸ ቀን ውኃው ከልክ በላይ ይሞቃል። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ በርሜሉን ያፈነዳል። ለሚንጠባጠበው ውኃ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥሎ ወደ ፍሳሹ መምራት ነው።

የኤሌክትሪኩን ሥራ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሥራው። የቤቱ ባለቤት ግን የሚጠይቀውን ማወቅ አለበት። ቦይለሩ 1,500 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 7 አምፔር ገደማ ይስባል። ለብቻው መስመር፥ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ እጥፍ በላይ ስለሚስብ ሁለቱ በአንድ መስመር አይገጠሙም። ከሁሉ በላይ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ መታሰር አለበት። ይህ ሽቦ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ በሰው አካል ሳይሆን በራሱ በኩል ወደ መሬት ይወስደዋል። በልጅቷ ቤት ሽቦው ከቦይለሩ ጋር ታስሮ ነበር፤ ሌላው ጫፉ ግን ከምንም ጋር አልተገናኘም። ግድግዳ ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል! መሬት ውስጥ ዘንግ ተቀብሮ ሽቦው እንደ አዲስ ተያያዘ። ሰው ሲነዘር በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከርም ተጨመረ። ዋጋው ከአንድ በግ አይበልጥ ይሆናል፤ ከሰው ነፍስ ጋር ግን አይወዳደርም።

በመጨረሻ ውኃው ተለቀቀ። የሞቀ ውኃ ቧንቧው ክፍት ሆኖ መጀመሪያ አየር እየተፋ፥ ቀጥሎ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ድረስ ተጠበቀ። በርሜሉ መሙላቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ በፊት ማብራት አይገባም። ባዶ በርሜል ውስጥ የጋለ ዘንግ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ጊዜ የመቀሌ መብራት ተቋርጦ ነበር። ከብሔራዊው መስመር ጋር እንደገና የተገናኘው በ2015 ዓ.ም. ነው። ረዥም ጊዜ ሳይሠራ የቆመ ቦይለር ውኃው ተደፍቶ፥ ዘንጉ ታይቶ፥ እንደገና ተሞልቶ ነው የሚበራው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ታንከሩ ባዶ በሆነ ቀን ቦይለሩን አጥፍቶ መጠበቅ ይሻላል።

ልጅቷ በስንት ሰዓት እንደሚሞቅ ጠየቀች። 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ አብርቶ መተው አያስፈልግም። 60 ዲግሪ ግን ቆዳን በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ያቃጥላል። ሕፃን ሲታጠብ አስቀድሞ ቀዝቃዛውን መቅዳት፥ በኋላ የሞቀውን መጨመር፥ በክርን ነክቶ መሞከር ነው።

አባትየው ሕክምናቸውን ጨርሰው ሊመለሱ ሲሉ ሠራተኛውን «መብራት ለሌለው ለእኛ ምን አለ?» አሉት። በከተማው ጣሪያ ላይ በፀሐይ የሚሞቅ ማሞቂያ አሳያቸው። ሞተር የለውም። የሞቀ ውኃ ቀላል ስለ ሆነ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ከበላዩ ባለው በርሜል ይጠራቀማል። ለገበሬ ዋጋው ይከብዳል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ጀሪካን ግን ማንም አያጣም። ጧት ውኃ ተሞልቶ ነፋስ በማያገኘው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቢውል ከሰዓት በኋላ ለገላ የሚሆን ለብ ያለ ውኃ ይሰጣል። ለመጠጥ አይሆንም፤ አልፈላምና። አባትየውም ከመቀሌ ገበያ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ቀለም ገዝተው ወደ እንደርታ ተመለሱ።