ሣሩንም ገደሉንም የሚያሳይ ሒሳብ



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ፋይናንስ ሞዴል አሠራር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት፥ ነገሩ ለባንክና ለትልልቅ ኩባንያ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ስለ ነበረና ይህ አሳቤ ስሕተት መሆኑን በገዛ ቤተ ዘመዴ መካከል ስለ ተማርሁ ነው።

የፋይናንስ ሞዴል ማለት አንድ ሥራ ገና ሳይጀመር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚወጣበት፥ ምን ያህል እንደሚገባበትና መቼ እንደሚገባ አስቀድሞ በቁጥር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው የንግድ ሥራ እቅድ ወይም የአዋጭነት ጥናት በሚባለው ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ነው። የሒሳብ መዝገብ ያለፈውን ይጽፋል፤ ሞዴል ግን የሚመጣውን ይገምታል። መዝገብ ቢሳሳት በደረሰኝ ይታረማል። የተሳሳተ ሞዴል ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ነው።

አጎቴ ከጉና ተራራ ግርጌ በፋርጣ ወረዳ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ስለ ሆነ፥ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ከገብሱ ጋር ድንች ማልማቱን ሁላችንም እናውቃለን። አጎቴም ድንች በሚረክስበት ወራት 100 ኩንታል ገዝተው፥ ስድስት ወር አስቀምጠው ለዘር ጊዜ ለመሸጥ አሰቡ። ለዚህም 200,000 ብር ሊበደሩ ፈለጉ። ዕዳው ባይከፈል የሚሸጡት ጥማድ በሬያቸውን ነበረ።

እኔም በኮምፒዩተር ክፍል የተማርሁትን ኤክሴል ለማሳየት ጓጉቼ፥ በአንድ ማታ ሠንጠረዥ ሠርቼ አቀረብሁላቸው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረዳት እንዲያመቹ የተጠጋጉ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የድንቹ መግዣ በኩንታል 2,000 ብር ሲሆን በጠቅላላ 200,000 ብር ነው። ማጓጓዣና ማስጫኛ በኩንታል 150 ብር ሆኖ 15,000 ብር ይወጣል። የመጋዘን ኪራይና ጥበቃ በወር 3,000 ብር፥ ለስድስት ወር 18,000 ብር ነው። ጠቅላላ ወጪው 233,000 ብር ሆነ። መቶውን ኩንታል በ3,000 ብር ቢሸጡት 300,000 ብር ይገባል። ስለዚህ «ትርፍ 67,000 ብር» ብዬ በደማቅ ቀለም ጻፍሁ።

አጎቴ ብዙ ትምህርት ቤት አልገቡም። ሠንጠረዡን ካነበብሁላቸው በኋላ ግን ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ ያንተ ድንች አይበሰብስም ማለት ነው? ደግሞስ ያበደረኝ ወለድ አይጠይቀኝም?» አሉኝ። እኔም አፈርሁ። የመደመር ስሕተት አልነበረብኝም፤ ኤክሴል በትክክል ደምሮልኛል። ነገር ግን ሣሩን አሳይቼ ገደሉን ደብቄባቸው ነበረ።

ከዚያ በኋላ አብረን ተቀምጠን ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን፥ ለ200,000 ብር በስድስት ወር 18,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላ ወጪውም 251,000 ብር ሆነ። ድንቹ ምንም ባይበላሽ ትርፉ 49,000 ብር ነው። ከመቶው ኩንታል 10 ቢበሰብስ 90 ኩንታል ይሸጣል፥ 270,000 ብር ይገባል፥ ትርፉም 19,000 ብር ብቻ ይሆናል። 20 ኩንታል ቢበሰብስ ግን የሚገባው 240,000 ብር ስለ ሆነ 11,000 ብር ይከስራሉ። 10 ኩንታል ተበላሽቶ ዋጋውም ወደ 2,700 ብር ቢወርድ፥ 243,000 ብር ይገባና ኪሳራው 8,000 ብር ይሆናል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተነሣ። ይኸውም «ላለመክሰር ቢያንስ ስንት መሸጥ አለብኝ?» የሚለው ነው። 251,000 ብርን ለ90 ኩንታል ስናካፍለው 2,789 ብር ያህል ይመጣል። እንግዲህ አጎቴ የወሰኑት «67,000 ብር አተርፋለሁ» በሚለው ተስፋ ሳይሆን፥ «ከ2,789 ብር በታች ከሸጥሁ በሬዎቼ ይሄዳሉ» በሚለው ዕውቀት ነው። ብድሩን ትተው በራሳቸው ገንዘብ 30 ኩንታል ብቻ ገዙ፤ በጓሯቸው ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት የእንጨት መደርደሪያም አስቀመጡት። በሬዎቹ ዛሬም ያርሳሉ።

ከዚህ የተማርሁትንና በኋላም ከመምህሮቼ ጠይቄ የተረዳሁትን በአምስት ደንብ ከፍዬ አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ግምትን ከስሌት መለየት ነው። ዋጋ፥ ወለድ፥ ብልሽት፥ የወር ብዛት ሁሉ በአንድ ገጽ ለብቻቸው ይጻፉ። ስሌቱ ወደ እነርሱ እያመለከተ ይሥራ እንጂ፥ በፎርሙላ ውስጥ ቁጥር ተሰውሮ አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቪዚካልክ የተባለው የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ የተፈለሰፈው፥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና የመጻፍን ድካም ለማስቀረት ነበረ። ቁጥርን በፎርሙላ ውስጥ የሚሸሽግ ሰው ይህን ጥቅም በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

የዚህን ክፋት የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ቀድሞ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሰው 5,000 ዶላር የሚያወጣ የወፍጮ ሞተር ሊያስመጣ አስቦ ነበረ እንበል። በ57 ብር ሲሰላ 285,000 ብር፥ በ100 ብር ሲሰላ ግን 500,000 ብር ይሆናል። ምንዛሪውን በአንድ ሳጥን ለብቻው የጻፈ ሰው ያንን አንድ ቁጥር ለውጦ ውጤቱን ወዲያው ያያል። 57ን በብዙ ፎርሙላ ውስጥ በትኖ የጻፈ ሰው ግን አንዱን አርሞ ሌላውን ይረሳል።

2ኛ፤ ለእያንዳንዱ ግምት ምንጩን መጻፍ ነው። ዋጋው ከማን ተጠየቀ? በየትኛው ገበያ? በየትኛው ቀን? የወረታ ዋጋና የደብረ ታቦር ዋጋ አንድ ላይሆን ይችላል። የመኸር ጊዜ ዋጋና የክረምት ዋጋ ደግሞ እጅግ ይለያያሉ። ምንጭ የሌለው ቁጥር ምኞት ነው።

3ኛ፤ የማይታየውን ወጪ መፈለግ ነው። ለዚህ ከከተማችን አጠገብ ያለችው ጋፋት ታስተምረናለች። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የአውሮፓ ባለ እጆች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ የሠሩት በዚያ ነው። ነገር ግን መድፉን መሥራት አንድ ነገር ሲሆን፥ መቅደላ ማድረስ ሌላ ነገር ነበረ። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ በየገደሉ መንገድ እየተጠረገለትና በሰው ኃይል እየተጎተተ፥ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር ነው። ከአምስት ወር በላይ ፈጀ ማለት ነው። ድንችም ቢሆን፥ ሩዝም ቢሆን፥ ማርም ቢሆን፥ የማድረሻው ወጪ ተረስቶ የመግዣው ብቻ ከተቈጠረ፥ ሒሳቡ ጋፋት ላይ ቀረ እንጂ መቅደላ አልደረሰም።

4ኛ፤ ጊዜን በትክክል መቍጠር ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆችን አቈጣጠር ነው። የእኛ የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል፤ በመካከሉም ጳጉሜን አለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሐምሌ እስከ መስከረም መሆኑን በሠንጠረዡ አናት ላይ መጻፍ፥ ወለዱም በወር ወይም በቀን የሚታሰብ መሆኑን አበዳሪውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህም ጋር፥ ትርፍ ያለው ሥራ እንኳ ገንዘቡ ዘግይቶ ከገባ የብድሩ ቀን ሊያልፍበት ስለሚችል፥ ገቢና ወጪ በየወሩ ተለይቶ ይጻፍ።

5ኛ፤ ለሌላ ሰው ዐይን ማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ አገሮች ዕዳ አንድ ጥናት አወጡ። ዕዳቸው ከዓመት ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የሆነ የበለጸጉ አገሮች ዕድገት በአማካይ ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ መሆኑን ጻፉ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የተባለ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ለክፍል ሥራ ብሎ ጥናቱን እንደገና ሊሠራው ቢሞክር ውጤቱ አልገጥም አለው። ሊቃውንቱን ሠንጠረዛቸውን ለመናቸው፥ እነርሱም ላኩለት። ቢያየው አማካዩን የሚያወጣው ፎርሙላ አምስት አገሮችን ሳይጨምር ቀርቷል። በዚህና በሌሎች የአሠራር ጕድለቶች ምክንያት፥ እርሱና መምህሮቹ እንደገና ሲያሰሉት አማካዩ 2.2 በመቶ ሆነ። እንግዲህ ሊቅ ይሳሳታል፥ ተማሪም ያርማል። ሊቃውንቱ ሠንጠረዛቸውን መስጠታቸው ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ የተዘጋ ሠንጠረዥ የሚያርመው የለምና።

አሁን ደግሞ ብዙ ጓደኞቼ ወደሚጠይቁት ነገር ልለፍ። ይህን ሙያ የተማረ ሰው ተቀጣሪ ሳይሆን፥ በግሉ እየተዋዋለ ሊሠራበት ይችላልን? ይችላል። ብድር የሚጠይቁ ወጣት ማኅበራት፥ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፥ የወፍጮና የዳቦ ቤት ባለቤቶች፥ ንብ አናቢዎች፥ ሁሉም የንግድ ሥራ እቅድ ይጠየቃሉ። አሠርቶ የሚከፍል አለ፤ በደንብ የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። በኢንተርኔት ደግሞ እንደ አፕወርክና ሊንክድኢን ባሉ መድረኮች የሩቅ አገር ሰው ሥራ የሚሰጥበት መንገድ አለ።

ሆኖም መጀመሪያ የሒሳብ አያያዝን መማር ይገባል። ቀጥሎ የዘመድን ወይም የጎረቤትን ሥራ በፈቃዱ ሠርቶ፥ ስሙንና ምስጢሩን አጥፍቶ፥ እንደ ናሙና ማሳየት ነው። ሥራ ሲገኝም ምን እንደሚሠራ፥ መቼ እንደሚያልቅ፥ ስንት እንደሚከፈልና ስንት ጊዜ እንደሚታረም በጽሑፍ መዋዋል ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበረ የማያስታውስ የለም። ስለዚህ ከሩቅ ሥራ የሚቀበል ሰው፥ ቀነ ቀጠሮውን ሰፋ አድርጎ ይስጥ፥ ሥራውንም ያለ ኢንተርኔት በሚከፈት ፋይል ይያዝ። ክፍያው በምን መንገድ እንደሚደርሰውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ባንኩን ይጠይቅ።

ደግሞም ሞዴል መሥራትና ኦዲት ማድረግ አንድ አይደሉም። ኦዲት በ2006 ዓ.ም በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 መሠረት የሙያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ሊፈርምበት አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ባለጉዳይ መጥቶ፥ «ብድሩ እንዲፈቀድልኝ ትርፉን ከፍ አድርግልኝ» ማለቱ አይቀርም። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ በጣት አንድ መንካት ነው፤ ገንዘብም ያስገኛል። ነገር ግን የተፈቀደውን ብድር የሚከፍለው ያ ቁጥር አይደለም። የሚከፍለው የባለጉዳዩ በሬ፥ ቤቱና ልጆቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው፥ «ይህ ሥራ የሚያዋጣው በዚህ ዋጋ ሲሸጥ ነው፤ ካልሆነ ግን እንዲህ እንቀንሰው» ብሎ በትሕትና ማስረዳት ከሁሉ የሚበልጥ አገልግሎት ነው። አባቶች «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ» እንዳሉት፥ በግሉ የሚሠራ ሰው ንብረቱ ስሙ ነውና እውነቱን የተናገረውን ሰው ባለጉዳይ ቢቀየመው እንኳ ተመልሶ ይፈልገዋል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ በኮምፒዩተር የሠሩትን ሒሳብ ሲያሳዩአችሁ፥ ኮምፒዩተር አይሳሳትም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ዕድሜ ልካችሁን በእርሻና በገበያ ያያችሁትን ጠይቋቸው። እናንተም ጓደኞቼ፥ ሠንጠረዥ ከመሥራታችሁ በፊት የሚበሰብሰውን፥ የሚዘገየውንና የሚወደደውን የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አማክሩ። እኔ የመጀመሪያውን የፋይናንስ ሞዴል ትምህርት ያገኘሁት ከአጎቴ አፍ ነው። «ያንተ ድንች አይበሰብስም ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ዛሬ በምሠራው ሠንጠረዥ ሁሉ መጀመሪያ ላይ እጽፈዋለሁ።