የሌሽማኒያ ጋሻ በኤክስሬይ ሲመረመር

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከከላላ እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር ለሚኖር ተማሪ ሽኮኮ እንግዳ እንስሳ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይህ የገደልና የቋጥኝ ነዋሪ፣ ቁንጭር የተባለውን የቆዳ በሽታ የሚያመጣውን ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ በሰውነቱ ተሸክሞ ይኖራል። ተሕዋሱ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ይባላል፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ወደ ሰው የሚያሸጋግረው የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ ወጥቶ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። በመተማና በሑመራ ቆላ ደግሞ የዚሁ ወገን የሆነው ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ፣ ካልታከመ የሚገድለውን ካላዛር ያመጣል።

ለእነዚህ በሽታዎች በደሴ አጠገብ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ በሌሎች የሕክምና ተቋማት ሲሰጥ የኖረው ዋነኛ መድኃኒት አንቲሞኒ የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘ ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ በመርፌ ለሳምንታት ይሰጣል፤ ያማል፤ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። ለመሆኑ ሰውን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ተሕዋሱን የሚገድለው በምን መንገድ ነው? በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከፊዚክስ በኩል እንመለከታለን።

ሁለት የ1912 ግኝቶች

እ.ኤ.አ. በ1912 ብራዚላዊው ሐኪም ጋስፓር ቪያና አንቲሞኒ ያለበት ጨው የሌሽማኒያን ቁስል እንደሚፈውስ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሙኒክ ላይ ማክስ ፎን ላውና ባልደረቦቹ ኤክስሬይ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ሥርዓት ባላቸው ነጠብጣቦች ተከፋፍሎ እንደሚወጣ አሳዩ። መድኃኒቱና የመመርመሪያው ዘዴ በአንድ ዓመት ተወለዱ፤ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ምስጢር እስኪገልጥ ድረስ ግን 97 ዓመታት አለፉ።

ክሪስታል ለምን አስፈለገ?

በዓይን የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው። በፕሮቲን ውስጥ ጎን ለጎን በተያያዙ ሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል ያለው ርቀት ግን 0.15 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞገድ ከራሱ ርዝመት እጅግ ያነሰን ነገር ለይቶ ማሳየት ስለማይችል፣ የቱንም ያህል ጥሩ የብርሃን ማይክሮስኮፕ አቶሞችን አይለይም። ኤክስሬይ ግን የሞገድ ርዝመቱ ከአቶሞች ርቀት ጋር ይቀራረባል።

ከአንድ ሞለኪውል የሚበተነው ኤክስሬይ እጅግ ደካማ ነው። በመንዙማ ላይ ሕዝቡ እኩል ሲያጨበጭብ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ቢያጨበጭብ ግን ትርፉ ጫጫታ ነው። በክሪስታል ውስጥም ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሞለኪውሎች በአንድ ሥርዓት ስለሚደረደሩ፣ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ሞገዶቻቸው ተደጋግፈው ይጎላሉ፤ በሌሎቹ ይጠፋፋሉ።

ሁለቱ ብራጎች፣ አባትና ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሕግ ይህንኑ ይገልጻል፤

የሞገድ ርዝመት = 2 × የንብርብሮች ርቀት × ሳይን ዘዌ

(ይህ ለመጀመሪያው ደረጃ ሲሆን፣ ዘዌው የሚለካው ከንብርብሩ ገጽ ነው።) ለምሳሌ የሞገዱ ርዝመት 0.154 ናኖሜትር፣ የንብርብሮቹ ርቀት 0.3 ናኖሜትር ቢሆን፣ ሳይኑ 0.257፣ ዘዌውም 14.9 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ተመራማሪዎች የነጠብጣቦቹን ቦታና ድምቀት ለክተው በሒሳብ ወደ ኋላ በመመለስ፣ ኤሌክትሮኖች በሞለኪውሉ ውስጥ የት የት እንደተከማቹ የሚያሳይ ካርታ ይሠራሉ።

የተሕዋሱ ጋሻ

ሌሽማኒያ የሚኖረው ሊያጠፉት በተዘጋጁ በሰው የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ነው። እነዚህ ሕዋሳት እንደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያሉ አጥፊ ውሑዶችን ሲያመነጩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በእነ አላን ፌርላምብ ማንነቱ በታወቀ ትራይፓኖታዮን በተባለ ሞለኪውል ይመክታል። ትራይፓኖታዮን ሥራውን ሲሠራ ኤሌክትሮኖቹን ያጣል፤ ኤሌክትሮን መልሶ የሚሰጠው ኢንዛይም ትራይፓኖታዮን ሪዳክቴዝ ይባላል። ኢንዛይሙ ከቆመ ጋሻው ይወድቃል።

እኛም በሕዋሳችን ውስጥ ተመሳሳይ ኢንዛይም አለን፤ የሚያገለግለው ግን ግሉታታዮንን ነው። የክሪስታል ጥናት ልዩነቱን ግልጽ አድርጎታል። የሰው ኢንዛይም የሥራ ጎድጓዳ ጠባብና ወደ አዎንታዊ ሙል ያዘነበለ ሲሆን፣ የተሕዋሱ ሰፊና ወደ አሉታዊ ሙል ያዘነበለ ነው። ተቃራኒ ሙሎች ስለሚሳሳቡ፣ አዎንታዊው ትራይፓኖታዮን ወደ ተሕዋሱ ኢንዛይም፣ አሉታዊው ግሉታታዮን ወደ ሰው ኢንዛይም ይሳባሉ።

አንቲሞኒ የት ተገኘ?

እ.ኤ.አ. በ2009 የጣሊያን ተመራማሪዎች የሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የሌሽማኒያ ኢንፋንተም ኢንዛይም ከአንቲሞኒ ጋር በክሪስታል አጠኑ። ኤክስሬይን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ካርቦን 6፣ ድኝ 16፣ አንቲሞኒ ግን 51 ኤሌክትሮን ስላለው በካርታው ላይ ጎልቶ ይታያል። የተገኘውም ኢንዛይሙ ኤሌክትሮን በሚያሸጋግርባቸው ሁለት የድኝ አቶሞች መካከል ተቀርቅሮ ነው። ድኞቹ ከተያዙ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል።

ይህ ግኝት የመድኃኒቱን ችግርም ያስረዳል። አንቲሞኒ የሚይዘው ድኝን ነው፤ ድኝ ደግሞ በእኛም ፕሮቲኖች ውስጥ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ለመድኃኒት ቀማሚው የሚሻለው መንገድ ድኝን ትቶ የተሕዋሱን ሰፊ ጎድጓዳ በልኩ የሚሞላ፣ ወደ ጠባቡ የሰው ኢንዛይም ግን የማይገባ ሞለኪውል መፈለግ ነው። ፍለጋው ዛሬም አላበቃም፤ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎችን እጅ በአንድነት ይጠይቃል።

መልመጃ፦ በዚያው ኤክስሬይ የንብርብሮቹ ርቀት 0.2 ናኖሜትር ቢሆን ዘዌው ስንት ይሆናል? (መልስ፦ 22.6 ዲግሪ ገደማ።) ርቀቱ ሲያንስ ዘዌው እንደሚሰፋ አስተውሉ። የሞለኪውሉን ረቂቅ ዝርዝር ለማየት የሚሻ ሁሉ ከመሃል ርቀው የሚያርፉትን ደካማ ነጠብጣቦች በትዕግሥት መለካት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።